ባዶ ፍለጋ

ያን ሐሙስ ከቀትር በፊት ከሐረር መውጣት ነበረብኝ። ሻንጣዬን ቢሮ ይዤ መጥቼ ጠረጴዛዬ ሥር ወሽቄያታለሁ። ዕቅዴ በሚኒባስ ድሬዳዋ መውረድ፣ ከሰዓት በኋላ በሚነሳው አውሮፕላን አዲስ አበባ መግባት፣ በማግስቱ ደግሞ ደሴ መድረስ ነው። ደሴ ሆስፒታል እናቴ ተኝታለች። አንዳንዴ ጉበቷ ነው ይሉኛል፣ አንዳንዴ ኩላሊቷ ነው ይሉኛል፤ እህቴ በስልክ የምትነግረኝ ነገር በየቀኑ ይለዋወጣል። እኔ የፈለግኩት ላያት ብቻ ነበር።

ያን ቀን ማለዳ ስደውል ስልኩን ያነሳው አጎቴ ነው። አጎቴ ከእኔ ጋር በስልክ አውርቶ አያውቅም። «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አለኝ። ቀስቅሷትና ላናግራት ስለው «ሐኪሞቹ አትቀስቅሷት ብለዋል» ብሎ ዘጋው። ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሆዱ ይባባል፣ እንባው ይቀድመዋል ሲባል እሰማለሁ። የእኔ ሆድ ጥርስ ሐኪም ዘንድ መርፌ እንደተወጋ ድድ ነበር፤ እንዳለ አውቃለሁ፣ ስነካው ግን አይሰማኝም። እንደዚያ ከሆነ ቆይቷል። ፊቴን ታጠብኩ፣ ጫማዬን አሠርኩ፣ ወጣሁ።

የምኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ ባለው ቀጭን መንገድ ላይ ነው። ያከራዩኝ ሴትዮ የሥራ ባልደረባዬም ናቸው፤ የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጡረታቸው የደረሰ። እትዬ ነው የምላቸው፣ ልጄ ነው የሚሉኝ። በረመዳን ሳልጾም ሾርባቸውን እጠጣለሁ፤ በዓቢይ ጾም ደግሞ «ቅቤ አልነካውም፣ ወላሂ» እያሉ ወጥ ያመጡልኛል። ያን ጠዋት እንደ ወትሮው አንድ ባጃጅ ላይ ወጣን። መንገድ ላይ «ልጄ፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ ያንቺን ስጪኝና ሐኪም ጋራ ሠፈር ላለችው እህቴ ልደውል» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ሳይደውሉ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። መርሳት ልማዳቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ እቀበላቸዋለሁ ብዬም እኔው ራሴ ረሳሁት። ባጃጁ እስኪቆም ወደ እኔ ዞረው አላዩም።

ሥራዬ የነዋሪዎችን መረጃ የሚይዝ ሰርቨር መጠበቅ ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር፤ ሰው መታወቂያ ለማሳደስና ማስረጃ ለማውጣት የሚሰለፍበት አንድ ቢሮ ነው። መስኮቶቹ ተከፍተው ብዙም ሳይቆይ ከሠራተኞቹ አንዷ «ሲስተም ሄደ!» ብላ ጮኸች። ገጹ ላይ የምጠላው ዓረፍተ ነገር ወጥቷል፦ ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል።

እኛ ዘንድ ግንኙነት ተቋረጠ ሲባል የታወቁ ተከሳሾች አሉ፤ መብራት፣ መስመርና አይጥ። መብራቱ አለ። መስመሩን ፈተሽኩ፤ አንዱ ማሽን ሌላውን ሲጠራው ወዲያው ይመልሳል። ወንበር ላይ ቆሜ ጣሪያው ሥር ያለውን ገመድ ከነአቧራው በእጄ ተከተልኩት፤ አይጥም አልነካውም። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። መስኮቶቹ ሥራ ጀመሩ። ኮቴን ለብሼ ሳልጨርስ እንደገና ሄደ።

ኃላፊያችን መጣ። የጎጃም ሰው ነው፣ እኩያዬ ስለሆነ አንተ እለዋለሁ፤ ቀን በቀን በቀልድ ካልተነካካን ሥራ የገባን አይመስለንም። አገር ቤት ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ አባት አሉት። ጠዋት ጠዋት ደውሎ በጩኸት ሲያወራቸው አባትየው ምን በልተው እንዳደሩ ኮሪደሩ በሙሉ ያውቃል። ያን ጠዋት ግን አልደወለም።

«ሲስተሙ እንዲህ ሆኖ እንዴት ትሄጃለሽ?» አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ፈቃዴን ፈርመሃል።»

«ፈርሜያለሁ፤ አልካድኩም። ይህን ብቻ አስተካክለሽ ሂጂ። ሕዝቡን እያየሽው ነው።»

ወጥቶ ሄደና ሻይ ይዞልኝ ተመለሰ። የራሱን ብርጭቆ እንኳ ከጠረጴዛ አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው። ስኳሩ በዝቶ ነበር፤ ጠጣሁት።

ወደ መስኮቶቹ ወጥቼ ሰልፉን አየሁ። ከድሬ ጠያራ የመጡ አንድ ገበሬ ሽማግሌ ከፊት ቆመዋል። በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና «አቦ፣ ይሄ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ ሁልጊዜ ለቅሶ ነው እንዴ የሚሄደው? እኛ ስንመጣ የለም!» አሉ። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። መስኮቱ ውስጥ ያሉት ልጆች አልሳቁም። አንዷ እስክሪብቶ እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ አለችና ጠረጴዛው ሥር ቆየች። አየኋት። እያየኋት ግን አንድም ነገር አላሰብኩም።

ተመልሼ ሰርቨሩ የሚጽፈውን የስህተት መዝገብ ከፈትኩ። የተላከው ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው ይላል። ለማያውቀው ሰው እንዲህ ብዬ ላስረዳ። ሰርቨር ማለት መስኮት ላይ እንደተቀመጠ ሠራተኛ ነው። እያንዳንዱ ሰው ጥያቄ ያቀርብለታል፤ ይህንን ጥያቄ እኛ ኩዌሪ እንለዋለን። የአንድ ሰው ፋይል አምጣልኝ ካልከው ያመጣል። አንዱ መጥቶ የቤቱን ፋይል ሁሉ ከነመደርደሪያው አምጣ ቢለው ግን ይሸከማል፣ ይሸከማል፣ በመጨረሻ ይወድቃል። ሲወድቅ ከኋላ የተሰለፉት ሁሉ ግንኙነቱ ተቋርጧል ተብለው ይመለሳሉ። እነሱ ምንም አላጠፉም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም የሚያደርገውን ነው፤ የተፈቀደውን መጠን ከፍ አደረግኩት። በሩን ማስፋት በሉት። ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ የባሰ ወደቀ፤ በሩ ቢሰፋም ሰርቨሩ የመሸከም አቅሙ ያው ነው፣ ሸክሙን ውስጥ አስገብቶ ተንፈራገጠ። ሰዓቴን አየሁ። አሁን ብወጣም እደርሳለሁ። አንዴ እንደገና ላስነሳውና ልውጣ አልኩ።

ካስነሳሁት በኋላ በዚያች ቅጽበት እየሠሩ ያሉትን ጥያቄዎች ዝርዝር አየሁ። ትንንሾቹ እየመጡ ይሄዳሉ። ከመካከላቸው አንዱ አይንቀሳቀስም። ነዋሪውን በሙሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከነፎቶው፣ ከነጣት አሻራው አምጣ ይላል።

አወቅኩት። ፕሮግራማችን ስም የሚጻፍበት የፍለጋ ሳጥን አለው፤ ስም ሳይጻፍበት ፈልግ የሚለውን ከተጫኑት ሁሉንም ሰው ይጠራል። እንዲስተካከል ደጋግሜ ጠይቄ «የሠሩት ሰዎች ካልመጡ አይነካም» ተብያለሁ። ስለዚህ በአፍ ነበር የምንጠብቀው፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ባዶውን እንዳትጫን ይባላል፣ አለቀ። እትዬ ድሮ አንድ ቀን በስህተት ተጭነውት «እትዬ፣ ከተማውን በሙሉ እኮ ነው የጠሩት» ስላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ያ ረቢ! ከተማው በሙሉ ቢመጣስ የት አስቀምጠዋለሁ?» ብለው ስቀዋል። ከዚያ ወዲህ ነክተውት አያውቁም።

ጥያቄውን ቆረጥኩት። ሲስተሙ ተመለሰ። ሻንጣዬን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ ሳወጣ ተመልሶ መጣ። ቆረጥኩት። መጣ። አንድ ሰው እየተሳሳተ አይደለም፤ እያወቀ ነው የሚጫነው። ድሬዳዋ ሊያደርሰኝ የሚችለው የመጨረሻ ሰዓት ሲያልፍ እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ማለፉን አየሁት።

ያኔ ተናደድኩ። ደስ አለኝ ማለት ይቻላል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ጥያቄው ከየት እንደሚነሳ ፈለግኩ። የማሽኑ ስም መዝገብ ቤት ይላል። የምላቸውን ቃል በኮሪደሩ እያዘጋጀሁ ሄድኩ፤ እርስዎ ማለቱን እንኳ ልተወው ነበር።

መዝገብ ቤቱ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፣ መስኮቱ ወደ ሐኪም ጋራ ተራራ ያያል። በሩ ገርበብ ብሏል። ኃላፊያችን ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ግንባሩን የፋይል መደርደሪያው ላይ አስደግፎ ቆሟል። እትዬ ማሽኑ ፊት ተቀምጠዋል። በግራ እጃቸው ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይዘዋል፣ ቀኝ እጃቸው ማውዙ ላይ ነው። ሳጥኑ ባዶ ነው። ከኪቦርዱ አጠገብ ስልኬ በፊቱ ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ድምፁ ጠፍቶ በጠርዙ በኩል ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። እትዬ አፍንጫቸውን በሻሻቸው ጠርዝ ጠረጉና ፈልግ የሚለውን ተጫኑት። ከዚያ ቀና ሲሉ አዩኝ። ዓይናቸው አብጧል።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ከዚህ በላይ አይነገረውም። ሞት በስልክ አይነገርም፣ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፣ መንገድ ለሚሄድ ሰውም አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ የአገር ልጅና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው በቀኝም በግራም ቆሞ። እኔ ራሴ የሌሎች ሰዎች ግቢ ገብቼ በጨለማ ቆሜ አውቃለሁ። ከመርዶው በፊት ያለውን ቀን ደግሞ ሰዎች እንደምንም ይሞሉታል። አንዱ ሥራ ያበዛል፣ አንዱ ታመምኩ ይላል፣ አንዱ መኪና ተበላሸ ይላል። እኔን የሚያቆየኝ አንድ ነገር እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ የወደቀ ሲስተም ጥዬ እንደማልሄድ።

«ኔትወርኩ ነው፣ ልጄ» አሉ እትዬ። ድምፃቸው እየተቆራረጠ ነው የወጣው።

ኃላፊያችን ሳይዞር «አዎ፣ ኔትወርኩ ዛሬ አልቻለም» አለ።

ሞተች ወይ ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ብጠይቅ ይዋሹኛል፣ ውሸቱንም አይችሉበትም። ንዴቴን ፈለግኩት፣ የለም፤ እዚያው በሩ ላይ ጥሎኝ ሄዷል። የቀረው የቀድሞው መደንዘዝ ነው።

«እሺ» አልኳቸው። «እኔም ኔትወርኩ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር።»

በሩን እንደነበረ ገርበብ አድርጌው ተመለስኩ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ጥያቄ ዝርዝሩ ላይ ቆሟል፣ ነዋሪውን በሙሉ እየጠራ። በአንድ መስመር ትእዛዝ ልቆርጠው እችላለሁ። ሻንጣዬን አንስቼ ብወጣም በጉልበት የሚይዘኝ የለም። ግን አሰብኩት፤ ከወጣሁ መናኸሪያ ሳልደርስ ሞታለች ማለት ነው። ከተቀመጥኩ እስከ ጎህ ድረስ አጎቴ እንዳለው ተኝታለች። አልቆረጥኩትም። ሰርቨሩ ወደቀ፤ አላስነሳሁትም። ጥቁሩን ገጽ እያየሁ ዋልኩ። ምን አሰብሽ ብትሉኝ፣ ምንም። አንዴ የሻንጣዬ ዚፕ እንደተላቀቀ አይቼ ዘጋሁት።

ጫት የሚቃምበት የበርጫ ሰዓት ሲደርስ ሰልፉ ተበተነ። የድሬ ጠያራው ሽማግሌ ሲወጡ በክፍሌ በር በኩል አልፈው ፊቴን አዩና መለስ አሉ። ለሲስተሙ ያዘንኩ መስሏቸዋል። «አብሽሪ ልጄ፤ ነገ እንመጣለን። ኢንሻአላህ ይሠራል» አሉኝ። ያን ቀን ያጽናናኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሻንጣዬን እትዬ ተሸከሙ። ልቀበላቸው ብል አልሰጥም አሉ። በኤረር በር ስንገባ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች እንደ ወትሮው አልጠሩንም፤ አንዷ ብቻ ተነስታ ቆመች፣ ከዚያ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ተቀመጠች። ስልኬን አልመለሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ማታ ምግብ አቀረቡልኝ፤ በላሁ። ተኛሁ፤ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ይህን ለሰው መናገር ለረጅም ጊዜ አሳፍሮኝ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ነቅቼ ለበስኩ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሰው መደበቅ አይችልም፤ ኮቴ ሰማሁ፣ የወንድ ሳል፣ የኃላፊያችንን ሹክሹክታ፣ የጎረቤት ሴቶች የሚጎተት ሽርጥ። በሩ ተንኳኳ። ማን እንደሆነ እያወቅኩ «ማነው?» አልኩ። እንደዚያ ነው የሚባለው።

ክፍሉ ሞላ። የወሎ ሰው የሆኑ አንድ አዛውንት፣ በዓመት አንዴ ማኅበር ላይ የማያቸው፣ ፊቴ ቆመው «እናትሽ ዐርፋለች» አሉኝ። ሴቶቹ ጮኹ። እትዬ ከኋላዬ መጥተው ወገቤን በሁለት እጃቸው ቆልፈው ያዙኝ፤ ራሱን መሬት የሚጥል ሰው እንደዚያ ነው የሚያዘው። እኔ የምጥለው ነገር አልነበረኝም። ቆሜ ነው የቆየሁት።

«መቼ?» አልኩ።

«ረቡዕ ማታ። ትናንት ከሰዓት ተቀበረች።»

ትናንት ከሰዓት ጥቁሩ ገጽ ፊት ተቀምጬ ነበር። የሻንጣዬን ዚፕ ስዘጋ አፈር ያለብሷት ነበር ይሆናል። ያን ጊዜም አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ከብዙ ቀን በኋላ ደሴ ነው፤ እህቴ የእናቴን ነጠላ ለማን እንስጥ ብላ ስትጠይቀኝ።

ከአርባዋ በኋላ ተመለስኩ። ሁሉም ሥራውን ይሠራል፣ ሲስተሙም ይሠራል። አንድ ሳምንት ያህል ቆይቼ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። ባዶውን ከተጫኑት አሁን «ስም ያስገቡ» ይላል እንጂ ከተማውን አይጠራም። ፕሮግራሙ በየማሽኑ የተጫነ ስለሆነ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ነው የቀየርኩት። መጨረሻ ላይ መዝገብ ቤት ደረስኩ።

«እትዬ፣ አንዴ ይነሱልኝ። የእርስዎንም ላስተካክለው።»

አልተነሱም። ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ አዩኝ። ቂም አልያዝኩም ብል እዋሻለሁ። ቤታቸው እየበላሁ፣ ቤታቸው እያደርኩ ይዤው ነበር፤ እዚያ ወጣልኝ።

«ብሄድም ቀብሯ ላይ አልደርስም ነበር፤ አውቃለሁ» አልኳቸው። «ግን መንገድ ላይ እሆን ነበር። ወደ እሷ እየሄድኩ እሆን ነበር።»

«መንገድ ላይ ማን ይይዝሽ ነበር?»

ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፤ ተቀመጥኩ።

«በይ አስተካክዪው፤ ሥራሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ መስኮቱን እያዩ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «ነገ መርዶ በሌላው ሲመጣ ታዲያ በምን እናቆየዋለን?» አሉ።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቆየ። ከኮሪደሩ የኃላፊያችን ድምፅ ይሰማል። ጎጃም ደውሎ «አባባ! ዛሬስ እንዴት አደሩ? እህል ቀመሱ?» እያለ ይጮኻል። ጩኸቱ እንደ ድሮው አይደለም፤ ጠይቆ መልሱን ረጅም ጊዜ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያንኑ መልሶ ይጠይቃል።

ተነሳሁ። ወንበሩን ለእትዬ መለስኩላቸው፣ ማሽናቸውን ሳልነካ ወጣሁ።